የሦስት ቀን ክሬም፣ የሦስት ወር መድኃኒት

ከሰዓት በኋላ ተማሪ ሲለቀቅ የአስኮ ዋና መንገድ በዩኒፎርም ይሞላል። ረዳቶች በሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥለው «ጳውሎስ፣ መርካቶ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ሌሎቹ ወደ ቡራዩ የሚሄደውን ይሰበስባሉ። በዚህ ግርግር መሃል አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ የሹራቡን ኮፍያ እስከ ቅንድቡ የሳበ ልጅ አይጠፋም። የኮቪድ ጊዜ ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም ማስኳን ያላወለቀች ተማሪም አለች። ጉንፋን ይዟት አይደለም፤ አገጯና ጉንጯ ላይ የወጣው ብጉር እንዳይታይባት ነው።

አንዳንዶቹ ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት መንገድ ዳር ወዳለው መድኃኒት ቤት ጎራ ይላሉ። ማዘዣ የያዘ እምብዛም የለም። የያዙት ስልክ ነው፤ ስልኩ ላይ ደግሞ ጓደኛ የላከችው የአንድ ክሬም ፎቶ አለ። «ይኼ አለ?» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከኋላቸው የቆመው ሰው እንዳይሰማ። ክሬሙ ትንሽ ነው፤ ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል። ዝናው ደግሞ ውሸት አይደለም፤ በሦስት ቀን ፊት ያጠራል። በዚህ ከተማ የብዙ ወጣቶችን ፊት ከብጉሩ ይበልጥ የሚጎዳው ይኸው ፍጥነት ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ በፍጥነት ከሚሠሩት ክሬሞች ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ነው። ሁለቱም የስቴሮይድ ወገን ናቸው። ክሎቤታሶል ለቆዳ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ በጣም ኃይለኛ ከሚባሉት ተርታ የሚመደብ ሲሆን፣ ለስላሳ ከሚባለው ከሃይድሮኮርቲዞን በመቶዎች እጥፍ ይበረታል። በቦታው ሲውል ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ለከባድ ችፌ፣ ለሶርያሲስና ለመሳሰሉት የቆዳ ሕመሞች ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ ያዝዘዋል። ፊት ላይ ለወጣ ብጉር ግን አልተሠራም።

ስቴሮይድ የሚያደርገው የቆዳውን መቆጣት ማፈን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅላቱ ይጠፋል፣ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ የፊቱ ቀለምም ይፈካል። ልጅቷ መስታወት አይታ ትደሰታለች፤ ለጓደኛዋም ትነግራለች። ከሳምንታት በኋላ ግን ቆዳው መሳሳት ይጀምራል። ቀያይ የደም ሥሮች ገጹ ላይ ይታያሉ፤ ያልነበረ ጸጉር ይበቅላል፤ ቅርጹ እርስ በርሱ የሚመሳሰል፣ ስቴሮይዱ ራሱ ያመጣው ብጉር ፊቱን ይሸፍናል። ደንግጣ ስታቆም ፊቷ ይቃጠላል፣ ከመጀመሪያውም የባሰ ይፈነዳል። መልሳ ስትቀባው ይበርድላታል። በዚህ ጊዜ ሊያድናት የሚችለው ያ ክሬም ብቻ እንደሆነ ታምናለች፤ ብዙዎች ዓመታት የሚያልፉት በዚህ ዑደት ውስጥ ነው። በየውበት ዕቃ መሸጫው ስም በሌለው ብልቃጥ እየተቀላቀሉ የሚሸጡት ክሬሞች ይብሳሉ፤ ውስጣቸው ምን እንዳለ ገዢዋም ሻጩም አያውቁትም።

እውነተኛው መድኃኒት ለምን እንደሚዘገይ ለመረዳት ብጉር እንዴት እንደሚጀምር ማየት ይገባል። ከመዳፍና ከውስጥ እግር በቀር በመላ ቆዳችን ላይ ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። ፊት፣ ደረትና ጀርባ ላይ ይበዛሉ። ልጅ ወደ ጉርምስና ሲገባ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች፣ በወንዱም በሴቷም፣ ይጨምራሉ፤ ዕጢዎቹም ቅባቱን ያበዙታል። በዚሁ ጊዜ የጸጉር ቀዳዳውን የሚሸፍኑት ሕዋሳት ተራግፈው መውጣት ሲገባቸው እርስ በርስ ተጣብቀው አፉን ይደፍኑታል። በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር፣ ኩቲባክቴሪየም አክነስ የሚባል ባክቴሪያ በተደፈነው ቅባት ውስጥ ይራባል፤ ሰውነትም ይቆጣል፤ ቀይ እብጠቱና መግሉ ይመጣሉ። ከመጀመሪያው ድፍን ቀዳዳ እስከሚታየው ብጉር ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ብዙ ጊዜ ስምንት ሳምንት ያህል ነው ይባላል። ዛሬ ጠዋት መስታወት ላይ የታየው ብጉር ባለፈው ወር ቆዳ ውስጥ ተጀምሯል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ወር የሚወጣውም አሁን እዚያው አለ። ስለዚህ መድኃኒቱ መሥራት ያለበት ገና ባልታየው ላይ ነው፤ ውጤቱም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይቆይ አይለካም። በአሥር ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የጣለ ልጅ መድኃኒቱን ገና አልሞከረውም።

አፍንጫ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብም ቆሻሻ አይደለም። ጥቁረቱ የቆዳው ቀለምና አየር ያገኘው ቅባት ነው፤ በሳሙና ብዛት አይለቅም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት የሚኖር ልጅ «ስለማልታጠብ ነው» ብሎ ራሱን እንዳይወቅስ ይህን ማወቅ አለበት። በቀን ሁለቴ፣ በጆግ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ በእጅ ብቻ ሳያሹ መታጠብ ይበቃል። በሻካራ ጨርቅ መፈተግ ቆዳውን ከማቁሰል ሌላ ጥቅም የለውም።

ቤት ውስጥ የሚሞከረው ብዙ ነው፤ የሚያስፈራኝም ከሱ ጥቂቱ ነው። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት አንደኛው ነው። የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ቅመም አለ፤ ቃጠሎው ሲድን ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ይተዋል። ጤና አዳምም ተመሳሳይ ባሕርይ አለው። የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ፊት ላይ ማሰር ደግሞ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ሊያቃጥል ይችላል። የጥርስ ሳሙና ብጉሩን የሚያደርቅ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ዙሪያውን መላጥ ነው። ማርና እርድ ጉዳታቸው ያነሰ ነው፤ ብጉርን ግን አያድኑም።

ፀጉርም መታየት አለበት። ቅቤ፣ ቫዝሊን ወይም ወፍራም የፀጉር ቅባት የምትቀባ ልጅ ግንባሯ ላይና በጆሮ ግንዷ ዙሪያ ጥቅጥቅ ያለ ትናንሽ ብጉር ቢወጣባት፣ ምክንያቱ ከፀጉሯ እየወረደ ቀዳዳውን የሚደፍነው ቅባት ሊሆን ይችላል። የቆዳ ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ብጉር በስም ለይተው መግለጽ ከጀመሩ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቅቤ መቀባት ይቅር አልልም፤ ከእናት እጅ የሚመጣ የፍቅር ነገር ነው። ከፀጉሩ መነሻ ትንሽ አርቆ መቀባት፣ ሲተኙ ሻሽ ማሰርና ጠዋት ግንባርን መታጠብ ግን ይረዳል።

ስለ ምግብ የሚባለው አብዛኛው ልጆቹን ያለ ጥፋታቸው የሚወቅስ ነው። ኦቾሎኒ በላሽ፣ ጮማ አበዛህ ይባላሉ። ጥናቶች በመጠኑም ቢሆን የደገፉት ስኳርና ነጭ ዱቄት የበዛበት አመጋገብ፣ እንዲሁም በአንዳንዶች ላይ ወተት፣ ብጉርን ሊያባብሱ እንደሚችሉ ነው። ለስላሳ መጠጥና ብስኩት መቀነስ ለሌላውም ጤና ይጠቅማልና ይቀነስ። ብጉር ያለበትን ልጅ ግን በምግብ ብቻ አድነዋለሁ ማለት ጊዜ ማባከን ነው። «ስታገቢ ይጠፋል» የሚለውም እንዲሁ መሠረት የለውም፤ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መነገሩ ደግሞ ያሳፍራል።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ቀላልና መካከለኛ ለሆነ ብጉር መጀመሪያ የሚታሰቡት የሚቀቡ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና አዳፓሊን። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ሊለማመደው አይችልም። ከ2.5 እስከ 10 ከመቶ ጥንካሬ ይዘጋጃል፤ 2.5 ከመቶው ከ10 ከመቶው የማይተናነስ ውጤት ሲሰጥ ማቃጠሉ ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ «ጠንካራውን ስጡኝ» ማለት አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ጨርቅ ያነጣል። የዩኒፎርም ኮሌታ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ ላይ ቀለም የለቀቀ ነጠብጣብ ይተዋልና እናት ሳትቆጣ በፊት ይነገራት።

አዳፓሊን ከቫይታሚን ኤ የዘር ሐረግ የሚመዘዝ ሬቲኖይድ ነው። ሥራው ቀዳዳው ገና ሳይደፈን መከላከል ነው፤ የማይታየውን የነገ ብጉር የሚይዘው እሱ ነው። ማታ ማታ፣ ታጥቦ በደረቀ ፊት ላይ፣ የአተር ፍሬ የምታክል መጠን ለመላው ፊት ይቀባል። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ብጉሩም ሊጨምር ይችላል። ብዙ ልጆች የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ የሸጠላቸው ሰው አንድ ደቂቃ ወስዶ ቢነግራቸው ኖሮ አያቆሙም ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ቀን እየዘለሉ መቀባትና ሽታ የሌለው ቀላል ማለስለሻ መጨመር ያስታግሠዋል። አዳፓሊን በእርግዝና ጊዜ አይቀባም። አሜሪካ ውስጥ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 0.1 ከመቶው ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ከአዳፓሊን የቀደመው ትሬቲኖይንም ይሠራል፤ እሱ ግን ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር በአንድ ሰዓት ሲቀባ ስለሚዳከም አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ ይደረጋል።

ብጉሩ ቀይና መግል የቋጠረ፣ ጀርባና ደረት ድረስ የወረደ ከሆነ ሐኪሙ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ ዶክሲሳይክሊን። ይህ ኪኒን በአገራችን ታይፈስንና ግርሻን ለማከም የኖረ፣ ርካሽና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ነው። መገኘቱ ግን ሌላ ችግር አምጥቷል፤ ልጆች ሲብስባቸው ጥቂት ኪኒን ገዝተው ይውጡና ሲሻላቸው ያቆማሉ። አንቲባዮቲክ ለብጉር ብቻውን አይሰጥም፤ ከሚቀባው ጋር ተጣምሮ ከሦስት እስከ አራት ወር ለሚደርስ ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ በከንቱ የተዋጠ ኪኒን ነገ ለእውነተኛ ኢንፌክሽን እንቢ ይላል። ሲወሰድም በብዙ ውሃ፣ ተቀምጠው ወይም ቆመው ነው፤ ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮን ያቆስላል። ፀሐይ ቆዳን ቶሎ እንዲያቃጥልም ያደርጋል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። ክሊንዳማይሲን የሚባለው የሚቀባ አንቲባዮቲክም እንዲሁ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ተነጥሎ መታዘዝ የለበትም።

ድንገት የመጣ ብጉር ከሌላ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ፣ የቫይታሚን ቢ 12 መርፌ፣ በጂም ቤት ጡንቻ ለማውጣት የሚወሰዱ ሆርሞኖች ብጉር መሰል ሽፍታ ያመጣሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ግን በዚህ ሰበብ በፍጹም እንዳያቋርጥ፤ ለሚከታተለው ባለሙያ ይንገር። የወር አበባዋ የሚዛባባት፣ አገጯ ላይ ወፍራም ጸጉር የሚበቅልባት ልጅም የሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋታል። ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ሐኪም የሚያዝዘው የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ብጉሩንም ሊያስተካክል ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ መድኃኒቱ የታዘዘው ለሆርሞኑ መሆኑን ሐኪሙ ለእናትም ለልጅም በግልጽ ቢያስረዳ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ያለፈ፣ እንደ እባጭ ከሥር የሚያም፣ ሲድንም ጎድጓዳ ጠባሳ የሚተው ብጉር አለ። ይህን ጤና ጣቢያ ላይ ማቆየት አይገባም፤ ወደ ቆዳ ስፔሻሊስት መሄድ አለበት። አስኮ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት። በ18 ማዞሪያና በጦር ኃይሎች በኩል ተሂዶ ዘነበወርቅ ሲደረስ፣ እዚያው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ አለርት ሆስፒታል አለ። ቦታው አስቀድሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር፤ አለርት ራሱ የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ዓላማውም ለመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና መስጠት ነበር። በግቢው ውስጥ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የተሰየመው በ1873 እ.ኤ.አ. የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ዛሬ አለርት ከአገሪቱ ዋነኛ የቆዳ ሕክምናና የቆዳ ሐኪሞች ማሠልጠኛ ቦታዎች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ዝምድና አለ። ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሥጋ ደዌ ዋና መድኃኒት ሆኖ የኖረው ዳፕሶን ባክቴሪያ ከመግደሉ ሌላ የቆዳን መቆጣት ያበርዳል። በዚህ ባሕርዩ 5 ከመቶ ጄል ሆኖ ተዘጋጅቶ በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለብጉር ሕክምና ተፈቀደ። አሁንም «አለርት ሄድኩ» ማለት የሚያሳፍራቸው ቤተሰቦች አሉ፤ የድሮው የሥጋ ደዌ ፍርሃት ከስሙ ጋር ስለቀረ። ልጃቸውን የሚያክመው እውቀት የተጠራቀመው እዚያ የታከሙ ሰዎችን በማገልገል መሆኑን ቢያስቡት ደስ ይለኛል።

ለከባዱ ብጉር ስፔሻሊስቱ የሚያስበው አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን ኪኒን ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ወዲህ ለብጉር የሚስተካከለው አልተገኘም፤ የቅባት ዕጢውን ራሱን ያኮማትረዋል፤ ብዙዎች ከአምስት ወር ገደማ ሕክምና በኋላ ለዓመታት ወይም ለዘለቄታው ይድናሉ። ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ነው። በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ የጽንሱን አንጎል፣ ልብና ፊት ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ሴት ልጅ ከመጀመሯ በፊት የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፤ ከአንድ ወር በፊት አንስቶ ካቆመች እስከ አንድ ወር ድረስም ማርገዝ የለባትም። ከንፈር ይደርቃል፣ አፍንጫ ይደማል፤ የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ ይደረጋል፤ ስሜቱ የሚለዋወጥ ልጅም በቅርብ ይታያል። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ አይሶትሬቲኖይን ከዘመድ እጅ ተቀብሎ መዋጥ ለዚህ ነው አደገኛ የሆነው። መድኃኒቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ምርመራውና ክትትሉ ሻንጣው ውስጥ የሉም።

ብጉሩ ሲድን ብዙዎቻችንን የሚያስለቅሰው የሚቀረው ጥቁረት ነው። በጠይም ቆዳ ላይ እያንዳንዱ ብጉር የራሱን ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ወላጅም ልጅም ይህን «ጠባሳ» ይሉታል። ጎድጎድ ወይም እብጥ ካላለ ጠባሳ አይደለም፤ ከወራት በኋላ ይደበዝዛል። አዳፓሊኑ ራሱ ያፋጥነዋል፤ አዜላይክ አሲድ የሚባለው ክሬም ደግሞ ብጉሩንም ጥቁረቱንም አብሮ ያክማል፤ ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። የሚያቆየው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጨረሩ 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ አየሩ ብርድ መሆኑ ያታልላል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለብዙ ቤት ውድ ነው። አቅም ላለው ይገዛ፤ ለሌለው ሰፊ ኮፍያና ጃንጥላ ብዙ ይሠራሉ። ያፈረጡት ብጉር ግን መግሉን ወደ ውስጥ ገፍቶ እውነተኛውን ጎድጓዳ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ለሱ የሚደረገው የመርፌና የሌዘር ሕክምና ውድ ነው፣ ብጉሩ ጸጥ ሳይል አይጀመርም፣ ልምድ በሌለው እጅም ጠይም ቆዳን ይበልጥ ያጠቁራል።

«ዕድሜ ነው፣ ያልፋል» የሚሉ ወላጆች ክፋት የላቸውም፤ ራሳቸውም አልፎላቸዋል። ግን ከ12 እስከ 24 ዓመት ካሉ ወጣቶች 85 ከመቶ ያህሉን ይነካል ተብሎ የሚጠቀስ ሕመም፣ ስለበዛ ብቻ ቀላል አይሆንም። ሰሌዳ ፊት ለመውጣት እምቢ የሚል፣ የክፍል ፎቶ የሚሸሽ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የቀረ ልጅ ካለ ብጉሩ ከቆዳው አልፎ ገብቷል ማለት ነው። ዝም ማለት ያበዛ ወይም መኖር እንደሰለቸው የተናገረ ልጅ ደግሞ የብጉር መድኃኒት እስኪሠራ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። የመንግሥት ሆስፒታል ያለ ሪፈር ወረቀት ስለማይቀበል ካርድ አውጥቶ መታየት ያስፈልጋል። ሲሄዱ ልጁ እስካሁን የተቀባውን ሁሉ በፌስታል ይያዝ፤ ያለቀውን፣ ስም የሌለውን፣ ከጓደኛ የተዋሰውንም። ሐኪሙ ስቴሮይድ መኖሩን ካወቀ አወጣጡን ያቅዳል፤ ካላወቀ ግን ልጁ ሲያቆም የሚመጣውን መፈንዳት የአዲሱ መድኃኒት ጥፋት አድርገው ሁሉም ይሳሳታሉ። የመጀመሪያው ቀን ፎቶ በመስኮት ብርሃን ይነሳ፤ በየወሩም እዚያው ቦታ ይደገም፤ በየቀኑ መስታወት የሚያይ ሰው ለውጡን አያየውምና። ሴት ልጅ ከሆነች ሐኪሙ ስለ ወር አበባዋና ስለ እርግዝና መጠየቁ አይቀርም። ከላይ እንዳየነው ከመድኃኒቶቹ ግማሽ ያህሉ በዚህ መልስ ላይ ይወሰናሉ። እናት አጠገቧ ተቀምጣ እውነቱን የምትናገር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጥቂት ናትና፣ ለዚያች ጥቂት ደቂቃ እናት ኮሪደር ላይ ብትጠብቅ መልካም ነው።